ዝም ያለው ፋይል

«ቲቸር፣ የላክልን ፋይል ዝም ይላል።»

አምና ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ በቴሌግራም የመጣልኝ ቮይስ ይሄ ብቻ ነበር። የላከው ማየት የተሳነው ተማሪዬ ነው። የማስተምረው የስታትስቲክስ መግቢያ ኮርስ ነው፣ በዛን ቀን የምዕራፍ 3ን ሃንድአውት ገጽ በገጽ ስካን አድርጌ፣ የተጣመመውን አቃንቼ፣ የደበዘዘውን አድምቄ ግሩፑ ላይ ለቅቄዋለሁ፣ ስራዬን ጨርሻለሁ ብዬ እራቴን እየበላሁ ነበር።

ፋይል እንዴት ዝም ይላል? አልገባኝም። በማግስቱ ላይብረሪው በር ላይ አገኘሁትና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ቶክባክ የሚባለው ስክሪን አንባቢ ተከፍቷል፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያንሸራትት የነካውን ሁሉ እየተንደረደረ ያነባል፣ ለኔ ጆሮ የሚያዝ አንድ ቃል የለውም እሱ ግን እየሰማ ነው። የሌላ መምህር ፋይል ከፈተ፣ ተነበበ። የኔን ከፈተ፣ ዝም። ጣቱን ከላይ እስከ ታች ጎተተው፣ አሁንም ዝም። «አየህ ቲቸር፣ 24 ገጽ እንዳለው ይነግረኛል። ውስጡን ግን አያገኘውም።»

ስካን ያደረኩት ነገር ለካ ፎቶ ነው። እኔ ሳየው ፊደል ነው፣ ለስልኩ ግን የፊደል ስዕል ነው፣ ስዕል ደግሞ አይነበብም። እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ነው የላኩት። ከሱ በፊት ስንት ተማሪ እንደዛው ዝም ብሎት ጓደኛውን «አንብብልኝ» እያለ እንዳለፈ ሳስብ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ማለት እችላለሁ።

ግን በጣም ያመመኝ እሱ ብቻ አይደለም። በሳምንቱ ቢሮ ውስጥ ጉዳዩን ሳነሳ ከኔ ሁለት በር አለፍ ብላ ያለች የአካውንቲንግ መምህርት «እንዴ፣ እሱንማ እኔ ከፈታሁት ሁለት ዓመቴ ነው'ኮ» አለችኝ። ሁለት ዓመት! በአንድ ኮሪደር፣ በአንድ ሻይ ቤት፣ በየቀኑ ሰላም እየተባባልን። እሷ አልደበቀችም፣ እኔም አልናቅኩም፣ በቃ የምንነጋገርበት ቦታ አልነበረንም። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኳስ እናወራለን፣ እንዴት እንደምናስተምር ግን አናወራም። ክፍል በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ነገር የየግላችን ነው።

እዛው ቁጭ ብላ አሳየችኝ፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ስካኑን ጉግል ድራይቭ ላይ ትጭነዋለህ፣ በጉግል ዶክስ ክፈት ትለዋለህ፣ ፎቶው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አውጥቶ ይሰጥሃል። ፎርሙላውንና ሰንጠረዡን ያበላሸዋል፣ እሱን በእጅ ትሰራዋለህ። ከዛ ርዕሶቹን ዝም ብለህ ፊደሉን ትልቅ በማድረግና በማድመቅ ሳይሆን ዶክሱ ውስጥ ባለው ሄዲንግ በሚለው የርዕስ ምርጫ ትሰይማቸዋለህ፣ እንደሱ ከሆነ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን አንባቢ ሲጠቀም ኤች የምትለዋን ቁልፍ እየነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል፣ እኛ በአይናችን ገጹን ቃኘት እንደምናደርገው ማለት ነው። (ኤንቪዲኤ ነጻ ነው፣ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ማይክል ከራን የሚባል ሰው ጀመረው፣ ከዛ ጓደኛው ጄምስ ቴህ ተቀላቀለው፣ ሁለቱም ራሳቸው ማየት የተሳናቸው አውስትራሊያውያን ናቸው። ችግሩ ያለበት ሰው የሰራው ነገር ሁልጊዜ ይለያል።)

ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ስለ ማጋራት ደጋግሜ ማሰብ የጀመርኩት። ዲጂታል ምናምን ሲባል ሁላችንም ጋ ቶሎ የሚመጣው እቃው ነው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሶፍትዌሩ፣ ኔትወርኩ። እኔ ደግሞ አሁን አሁን የማምነው፣ ዋናው ነገር የተሰጠህን መልሰህ መጠየቅ መቻልህ ነው። ልጁ «ዝም ይላል» ብሎ ቮይስ ባይልክልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ፎቶ እልክ ነበር።

የኔ ዘመን ልጆች ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ። በ1997 ሃይስኩል ላይ የነበረ ሰው አይረሳውም። ትልቁ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ፣ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን እሱ ይወስደዋል፣ መምህራችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ደቂቃ ነች ያለችው። «አሁን መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ» ይላል፣ እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው፣ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ይቀጥላል። ማን ጥሩ እንዳለው እንጃ። የሂሳብ መምህራችን አጠገቡ ቆሞ አንዴ እኛን አንዴ ስክሪኑን ያይ ነበር፣ ማቆም አይችልም፣ መመለስ አይችልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ትምህርት ሄደ። ጥሩ ነገር አልነበረውም አልልም፣ ላብራቶሪ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሙከራ ሲሰራ ያየው እዛ ላይ ነው። ግን መልሶ መጠየቅ አልነበረም።

ሙድል የሚባለውን የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም የሰራው ማርቲን ዱጊያማስ ልጅነቱን ያሳለፈው አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ነው፣ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ስላልነበረ የተማረው በሬዲዮ ነው። ያ ሬዲዮ ግን እንደኛ ፕላዝማ አንድ ወገን ብቻ የሚያወራበት አልነበረም፣ ልጆቹም ከያሉበት ለመምህራቸው መልስ ይሰጡበት ነበር። በ2002 እንደ ፈረንጆቹ ሙድልን ሲለቀው መወያያ ቦታውን ከዋናዎቹ ነገሮች አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እኛ ጋ ግን ሙድል አለን በሚባልበት ብዙ ቦታ ፋይል መከመሪያ መጋዘን ሆኖ ነው የቀረው፣ መወያያውን የሚከፍተው ሰው የለም።

ድሬ ከመምጣቴ በፊት በሌላ ክልል ያስተማርኩበት አንድ ተቋም ነበር። ሦስት ቀን ስልጠና ተሰጠን፣ ባነር ተሰቀለ፣ አበል ተከፈለን፣ ሙድሉ ላይ እንዴት ኮርስ እንደሚከፈት በፕሮጀክተር አየን። እኔ በጣም ነበር የወደድኩት፣ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ 200 ምናምን ጥያቄ አስገባሁበት፣ በየምዕራፉ ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱ መልስ ለምን ልክ ወይም ስህተት እንደሆነ ማብራሪያ ጽፌበት። ሰርቨሩን የሚያውቀው ልጅ አንድ ነበር፣ የተሻለ ስራ አገኘና ሄደ (ይገባዋል፣ ጎበዝ ልጅ ነበር)፣ ከሄደ በኋላ ሲስተሙ ወደቀ፣ ባክአፕ የለም፣ ፓስወርድ የሚያውቅ የለም። የኔ 200 ጥያቄም አብሮ ሄደ። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል። ያኔ የተማርኩትን ነገር ዛሬ ለአዲስ መምህር ሁሉ እነግራለሁ፣ የምርጫ ጥያቄ ስትጽፉ መጀመሪያ በተራ የጽሑፍ ፋይል ጻፉ፣ ሙድል አይከን በሚባል ቀላል አጻጻፍ እንደዛው ተቀብሎ ያስገባዋል፣ ፋይሉ ደግሞ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ፍላሽ ላይ አንድ፣ ኢሜይላችሁ ላይ አንድ፣ ጓደኛችሁ ጋ አንድ። ጓደኛችሁ ጋ ያለው ነው ብዙ ጊዜ የሚተርፈው።

ያ የአካውንቲንጓ ነገር ከሆነ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መገናኘት ጀመርን። ስም የለውም፣ ደብዳቤም የለውም። ከ10 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ከኒም ዛፉ ስር ወንበር እናወጣለን፣ ሻይ በሳምቡሳ፣ አምስት ስድስት ሰው፣ አንዳንዴ ሁለት። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ የሚመጣ ሰው አንድ የሰራለትን ነገርና አንድ ያልሰራለትን ነገር ይዞ ይመጣል። ያልሰራውን ካላመጣ አይወራለትም። ይሄን ደንብ ያመጣው የላብ አሲስታንቱ ነው፣ ከሁላችንም በዕድሜ ትንሹ። «አቦ፣ የሚሰራውን ብቻ ከነገራችሁኝ እኔ ጋ ሲበላሽ ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል» አለ። እውነቱን ነው። ድሬ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች፣ እዚህ አንቱታ ብዙም አይጸናም፣ 20 ዓመት ያስተማረውን ሰው ልጁ «አንተ፣ ይሄ እኮ ስልክ ላይ አይከፈትም» ሊለው ይችላል፣ ማንም አይቀየምም። ሌላ ቦታ ቢሆን ይሄን ለማለት አንድ ዓመት ይፈጅ ነበር።

እዛ ዛፍ ስር ካገኘኋቸው ነገሮች ውስጥ ትልቁ ቮይሱ ነው። አንዱ የኢንጂነሪንግ መምህር የአንድ ሰዓት ክላሱን በቪዲዮ ቀርጾ ለቆ ነበር፣ ደክሞበታል። ያየው ተማሪ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ለምን ሲላቸው ፓኬጃችን አይችለውም አሉት። እዚህ ከተማ ሳፋሪኮም እንኳ በ2014 ነሐሴ ሙከራውን የጀመረው ድሬ ላይ ነው፣ ልጆቹ ሁለት ሲም ይዘው ዋጋ እያወዳደሩ ነው የሚገዙት፣ እንደዛም ሆኖ ለአንድ ቪዲዮ ብዙ መቶ ሜጋ ማውጣት ለተማሪ ከባድ ነው። ደግሞ ዳታው ቢኖርም ርዝመቱ ራሱ ችግር አለው። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ፊሊፕ ጉዎ የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ ኤዴክስ የሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ ባሉ አራት ኮርሶች 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ አጥንተው ነበር፣ ተማሪዎቹ በደንብ የተከታተሉት ከ6 ደቂቃ በታች የሆኑትን ነው፣ ረጅሞቹን ግማሽም ሳያደርሱ ይተዋቸዋል። ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ሰው እንደዛ ካደረገ የኛ ልጅ ምን ያድርግ?

እኔ ቪዲዮውን ተውኩት። የአንድ ሰዓቱን ክላስ ሦስት አራት ጥያቄ ላይ እከፍለውና ለእያንዳንዱ የ5 ወይ የ6 ደቂቃ ቮይስ እቀዳለሁ፣ ከሱ ጋር ቦርዱን አንድ ፎቶ። የቴሌግራም ቮይስ በጣም ቀላል ነው፣ 6 ደቂቃው ሁለት ሜጋ አይሞላም። ልጆቹ ዶርም ተኝተው ይሰሙታል፣ ባጃጅ ውስጥ ይሰሙታል፣ ስማርት ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋ አንድ አንድ ጆሮ ተካፍሎ ይሰማል። ያልገባውን መልሶ ያስጀምራል። ፕላዝማው ያላደረገልን ይሄ ነበር።

መቅዳቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ቬንትሌተር ሳይከፈት ቀን ላይ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይታሰብም፣ ከተከፈተ ደግሞ ድምፁ ቮይሱ ውስጥ እንደ ንፋስ ይገባል። መጀመሪያ የላኩት ሁሉ እንደዛ ነበር፣ ልጆቹ አውሎ ነፋስ ውስጥ ነህ እንዴ አሉኝ። አሁን የምቀዳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የፈጅር አዛን ካበቃ በኋላ ሰፈሩ ገና ሳይነቃ ግማሽ ሰዓት የምታክል ጸጥታ አለች፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ቬንትሌተሩን አጠፋለሁ፣ ፍራሹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስልኩን በአንድ ስንዝር ርቀት ይዤ አወራለሁ። እሁድ እሁድ ግን አይሆንም፣ ቅዳሴው በድምጽ ማጉያ ይመጣል፣ እሁድን እተወዋለሁ።

ሌላው የሽንኩርቱ ነው፣ ይሄን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አሳይንመንት ስሰጥ ሁሉም አንድ አይነት መልስ ማምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በደንብ የተጻፈ አንድ አይነት መልስ ሆነ። አንድ ሐሙስ ላይ የኢኮኖሚክስ መምህሩ «ከመጽሐፍ የወጣ ጥያቄ ከሰጠሃቸው ከመጽሐፍ የወጣ መልስ ነው የሚያመጡልህ፣ ገበያ ላካቸው» አለኝ። ላኳቸው። 14 ቡድን አድርጌ ለ15 ቀን ጠዋት ጠዋት የሽንኩርት የኪሎ ዋጋ እንዲጠይቁ፣ ግማሹ ከፊራ ገበያ ግማሹ ሳቢያን ገበያ፣ ሁሉም በስልካቸው አንድ የጋራ ጉግል ሺት ላይ እንዲሞሉ። ሦስተኛው ቀን ክላስ ውስጥ ሺቱን በፕሮጀክተር ከፈትኩት። የዛን ቀን አማካይ 120 ብር ይላል። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች፣ «ቲቸር፣ 120 የሚሸጥ ሰው'ኮ አላገኘንም።» ሌላውም «እኛም 90 ነው» አለ፣ «እኛ 85»፣ «እኛ 95»። ክላሱ ተንጫጫ። አይናቸው ዓምዱ ላይ ሲወርድ 450 የሚል ቁጥር አገኙ። አንዱ ቡድን የ5 ኪሎውን ዋጋ ነው የሞላው። የሞላው ልጅ ደነገጠ፣ እኔ ግን ይሄ ስህተት እንዳይጠፋ ብዬ ለመንኩት፣ እንዳለ ተውት አልኳቸው። ከዛ መሀለኛውን ቁጥር አስፈለግኳቸው፣ 90። አንድ ቁጥር አማካዩን በ30 ብር ጎትቶ ወስዶታል፣ መሀለኛው ግን ንቅንቅ አላለም። ይሄን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ቦርድ ላይ ጽፌዋለሁ፣ በፋይናል ላይ ጠይቄዋለሁ። ሲገባቸው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ይሄን ይዤ ሄድኩ፣ ያልሰራውንም ጨምሬ። ያልሰራው ምንድነው፣ ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ልጆቹን የዋጋ ተቆጣጣሪ መስለዋቸው መልስ አልሰጡም ነበር። ሁለት ቡድን አምስት ቀን ባዶውን ቀረ። አሁን ሦስት መምህር ይሄንኑ አሳይንመንት እየተጠቀሙበት ነው፣ ሦስቱም መጀመሪያ ቀን ልጆቹን «ተማሪዎች ነን፣ ለትምህርት ነው» በሉ ብለው መታወቂያ አስይዘው ነው የሚልኩት።

ከጥያቄ ጋር የተያያዘው ነገርም አለ። ሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ከ1991 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የሚሰራበት ዘዴ አለ፣ ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ ሁሉም ለየብቻው ይመርጣል፣ መልሱን ሳትነግራቸው ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ይከራከራሉ፣ እንደገና ይመርጣሉ። እሱ ኤሌክትሮኒክስ መምረጫ ነበረው፣ እኛ የቴሌግራም ፖል አለን፣ ስልክ ለሌለው ደግሞ ሀ ለ ሐ መ የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ሲሰጥ ያልለመደ ተማሪ ምን ያህል እንደተጨነቀ ሁላችንም አይተናል፣ ስለዚህ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በየሳምንቱ አምስት ጥያቄ፣ ማርክ የሌለው፣ መለማመጃ ብቻ። ማርክ ከሌለው ማን ይሰራል ያሉኝ ነበሩ። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ጽሑፍ ደጋግሞ ያነበበና አንብቦ ራሱን የፈተነ ተማሪ ሲወዳደሩ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግሞ ያነበበው ይበልጣል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሱን የፈተነው በጣም ይበልጠዋል። ይሄን ለልጆቹ ራሳቸው ነገርኳቸው። ምክንያቱን ካወቁ ይሰራሉ፣ ልጅ አይደሉም።

አሁን የጋራ ፎልደር አለን። እያንዳንዱ ነገር ከላይ ሦስት መስመር አለው፤ ለማን እንደተሰራ፣ ስንት ሜጋ እንደሆነ፣ የት ጋ እንደተበላሸ። ወር በገባ አንዱ ሙሉውን ፍላሽ ላይ ይገለብጠዋል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ፍላሹ ይዞራል። «ስራዬን ሌላ ሰው በስሙ ቢያቀርበውስ?» ብሎ ያልገባ መምህር አለ፣ ስጋቱ ይገባኛል። ለደረጃ እድገት ሲሆን ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው የሚያኮራው፣ ጥሩ ሃንድአውት ማን ቆጠረልህ? ይሄ መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ፣ 60 ተማሪ በደንብ እንዲገባው ያደረገ ፋይል ስራ ነው፣ እንደ ስራ ይቆጠር። እስከዛው ግን የሰሪው ስም ፋይሉ ላይ እንዳይጠፋ እናደርጋለን፣ ያስተካከለውም ስሙን ከስር ይጨምራል። የምዕራፍ 3 ፋይል ላይ አሁን አራት ስም አለ፣ አራተኛው የተማሪው ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያ ማየት የተሳነው ተማሪዬ ሌላ ቮይስ ላከልኝ። የምዕራፍ 7ን ቮይሶች ሁሉንም ሰምቷል፣ ጥሩ ነው አለ። «ግን ቲቸር፣ 4ኛው ላይ ‹ይሄ መስመር እንደምታዩት ወደዚህ ሲወጣ› ትላለህ። ወዴት ነው የሚወጣው?»

ሪግሬሽን ነው፣ ነጥቦቹና መሀላቸው የሚያልፈው መስመር። ሐሙስ ዛፉ ስር ጠየኳቸው፣ ይሄን ለማያይ ሰው እንዴት ነው የምትናገሩት? የላብ አሲስታንቱ በእጁ አየር ላይ ሳለና ራሱ ተወው። የኢኮኖሚክሱ ቁጥር ብቻ ንገረው አለ፣ ኤክስ በ1 ሲጨምር ዋይ በስንት፣ እሱ ያልፋል አለ። የአካውንቲንጓ ቆይታ ቆይታ «የደንገጎን መንገድ ንገረው» አለች። ከድሬ ተነስተህ ወደ ሐረር ስትወጣ መኪናው ውስጥ ሆነህ አይንህን ብትጨፍንም ጀርባህ ወንበሩ ላይ ሲጫን መውጣትህ ይታወቅሃል፣ ጠመዝማዛው ግራ ቀኝ ያላትምሃል፣ በጥቅሉ ግን ወደ ላይ ነህ። ጠመዝማዛው ነጥቦቹ ናቸው፣ በጥቅሉ መውጣትህ መስመሩ። ልጁ የሐረር ልጅ ነው፣ ያንን መንገድ በየእረፍቱ ይመላለስበታል።

ነገ ከአዛኑ በኋላ 4ኛውን እንደገና እቀዳዋለሁ፣ መጀመሪያ ለሱ እልክለታለሁ፣ እሱ ሰምቶ እሺ ካለኝ ነው ግሩፑ ላይ የምለቀው።